ሌዊ ተነሣ፣ ዘኬዎስም በቤቱ ቀረ

በቅዱስ ወንጌል ስማቸው የተጻፈ ሁለት ቀራጮች አሉ። አንደኛው በቅፍርናሆም በመቅረጫው ተቀምጦ ሳለ ጌታችን የጠራው ሌዊ ነው፤ እርሱም ማቴዎስ ወንጌላዊ የተባለው ነው። ሁለተኛው በኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ የነበረው፣ ቁመቱ ቢያጥርበት በሾላ ዛፍ ላይ የወጣው ዘኬዎስ ነው። ሁለቱ የአንድ ሙያ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱንም የአገሩ ሰው ይጸየፋቸው ነበር፤ ሁለቱም ጌታን በቤታቸው ተቀብለዋል። የገጠማቸው ነገር ግን አንድ አይደለም። ሌዊ ሁሉን ትቶ ተነሣና ተከተለ (ሉቃ. 5፥27-28)። ዘኬዎስ ግን ከዛፉ እንዲወርድ ታዘዘ እንጂ ከሥራው እንዲወርድ አልታዘዘም (ሉቃ. 19፥1-10)። በኋላ ዘመን ኤጲስ ቆጶስ ሆነ የሚል ትውፊት አለ፤ ወንጌሉ የሚነግረን ግን በዚያች ቀን በቤቱ ቆሞ ስለ ተናገረው ነገር ብቻ ነው።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ ወደ ንስሐ አባቱ የሚመጣው ምእመን የሚያቀርበው ጥያቄ በአብዛኛው ስለ ሕመም፣ ስለ ርስት ክርክር፣ ስለ ባልና ሚስት ጠብ ነበር። ይህ ዛሬም አልቀረም። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይዘው የሚመጡ በዝተዋል። ትምህርታቸውን ጨርሰው፣ ደመወዝ እየተቀበሉ፣ ልጆች እያሳደጉ ሳሉ፣ «አባታችን፣ በምሠራው ሥራ ልቤ ደስ አይለውም፤ ጧት ስነሣ ሸክም እንደ ተጫነበት ሰው ነኝ፤ ይህን ትቼ ሌላ ኑሮ ብጀምር ኃጢአት ይሆንብኛልን?» ይላሉ።

ከእኛ ከካህናቱ መካከል ይህን ጥያቄ እንደ ጥጋብ የሚቈጥሩ አሉ። እንጀራ ያጣ በበዛበት አገር እንጀራ እያለው የሚያለቅስ ሰው ያስቈጣል፤ ቍጣቸውም ፈጽሞ ምክንያት የለውም አንልም። ሌሎች ደግሞ ሰውየው ነገሩን ሳይጨርስ «ታገሥ ልጄ» ብለው በመስቀል ባርከው ይሸኙታል። ትዕግሥት የቅዱሳን ጌጥ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ሳይሰሙት ለሰው የሚሰጥ «ታገሥ» ምክር አይባልም፤ ደጅ መዝጋት ነው። ከሁሉ የሚብሱት ግን ያዘነውን ሁሉ «ገዳም ግባ» የሚሉት ናቸው። ገዳም ያዘነ ሰው መደበቂያ ቢሆን ኖሮ አበው ለሚመጣው ሁሉ አመክሮ ባልደነገጉም ነበር።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ብዙ ሰው ሥራ የአዳም ቅጣት ነው ብሎ ያምናል፤ በየመንደሩም ሲነገር እንሰማለን። መጽሐፍ ግን እንዲህ አይልም። እግዚአብሔር አዳምን በገነት ሲያኖረው፣ ገና ሳይበድል፣ ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነው (ዘፍ. 2፥15)። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳምና ሔዋን በገነት 7 ዓመት ሲሠሩ እንደ ቈዩ፣ የእርሻውንም ሥራ መላእክት እንዳስተማሩአቸው ይተርካል። ከበደል በኋላ የመጣው ላቡና እሾኹ ነው እንጂ ሥራው አይደለም (ዘፍ. 3፥17-19)። እንግዲህ በእጁ ሥራ ደስታን የሚፈልግ ሰው ከባሕርዩ ውጭ የሆነ ነገር አልተመኘም፤ አባቱ አዳም የነበረውን ነገር ነው የሚፈልገው።

ይህን ማለታችን ጠያቂውን ሁሉ ልናሞግስ አይደለም። ደስታን መፈለግና ደስታን ማሳደድ ሁለት ነገር ናቸውና። ጠቢቡ ሰሎሞን ቤት ሠራ፣ ወይን ተከለ፣ የውኃ መጠራቀሚያ አበጀ፣ ዘፋኞችን ሰበሰበ፤ በመጨረሻም ሁሉን ነፋስ እንደ መከተል ሆኖ አገኘው (መክ. ምዕ. 2)። ያው ሰሎሞን ግን ሰው በድካሙ መካከል ደስ ቢለው ይህ የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆነ ደጋግሞ ይነግረናል (መክ. 3፥13፤ 5፥18)። ሁለቱ ቃሎች የሚጋጩ የሚመስለው ቸኵሎ ለሚያነብ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ «ለእኔ፣ ለራሴ» የሚለው ሐሳብ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ልብ ብሎ ያስተዋለ፣ የሰሎሞን ድካም ለምን እንዳላስደሰተው ያውቃል። ከቤቱ ወደ ወይኑ፣ ከወይኑ ወደ ዘፈኑ ኑሮውን መላልሶ ለወጠ፤ የሚሠራለት ሰው ግን አልተለወጠም፤ ያው ራሱ ነው።

እንግዲህ ሥራ ሁሉ ይያዛልን? አይያዝም። የሐዋርያት ሥርዐት የተጻፈበት መጽሐፈ ሲኖዶስ ለጥምቀት የሚመጣ ሰው አስቀድሞ በምን ሥራ እንደሚተዳደር ይጠየቅ ዘንድ ያዝዛል። ጋለሞቶችን እየጠበቀ የሚኖር፣ የጣዖት ካህን፣ ለትርኢት ሰው የሚገድል፣ ጠንቋይ፣ እነዚህ ሁሉ ሥራቸውን ካልተዉ አይቀበሏቸውም። ሠዓሊና ቀራፂ ደግሞ ጣዖት እንዳይሠሩ ይመከራሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን ስለ ልጆች መምህር የተነገረው ነው። በዚያ ዘመን ልጆችን የሚያስተምር ሰው የአረማውያንን ጥበብ ማስተማሩ አይቀርምና ቢተወው ይሻላል ይልና፣ ሌላ ሙያ ከሌለው ግን ይፈቀድለት ብሎ ይጨምራል። ሥርዐቱን የሠሩት አባቶች የሰውየውን ሌማት አስበዋል። እኛ ዛሬ ምክር የምንሰጥ ካህናት ይህን ያህል ብናስብ መልካም ነበር።

በአራጣ እያበደረ ድኻ የሚያራቍት፣ በሐሰት መድኃኒት ሕመምተኛ የሚያታልል፣ ሴት ልጅ የሚነግድ ሰው «ሥራዬ አያስደስተኝም» ቢል ደስ ሊለን ይገባል፤ መልሱም አጭር ነው፤ ዛሬውኑ ይተወው። አስቸጋሪው ነገር ያለው ክፉም ባልሆነ፣ ነገር ግን ልብን በሚያደርቅ ሥራ ላይ ነው።

ወደ ቀራጮቹ እንመለስ። በዚያን ዘመን ቀረጥ የሚሰበሰበው በአገራችን ቀድሞ በየኬላው ይደረግ ከነበረው ጋር የሚመሳሰል ነበር። ቅፍርናሆም በገሊላ ባሕር ዳር፣ በሄሮድስ አንቲጳስ ግዛት ዳርቻ፣ ነጋዴ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የነበረች ከተማ ናት። ቀራጩ ለገዢው የሚገባውን አስገብቶ ከዚያ በላይ የሰበሰበውን ለራሱ ያስቀር ነበርና፣ ከመንገደኛው ላይ ትርፍ መውሰድ እንደ ልማድ ሆኖ ነበር። ሆኖም እነዚህ ሰዎች ወደ ዮሐንስ መጥምቅ መጥተው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይወስዱ መከራቸው፤ ወታደሮቹንም ሰውን እንዳይነጥቁና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው (ሉቃ. 3፥12-14)። ይህን የሚመክረው ማን እንደ ሆነ እናስተውል። የግመል ጠጕር የለበሰ፣ አንበጣና የበረሃ ማር የሚመገብ፣ ቤት የሌለው ሰው ነው። እርሱ ራሱ ኑሮን እስከ ጫፉ ድረስ የተወ ሆኖ ሳለ፣ ሌሎቹን እንደ እኔ ካልሆናችሁ አላለም።

ታዲያ ሌዊ ስለ ምን ሥራውን ተወ? መቅረጫው ርኩስ ስለ ሆነ ብቻ እንዳንል ዘኬዎስ አለ፤ የዮሐንስም ምክር አለ። ደስታ ስላጣ እንዳንል ወንጌሉ ሌዊ በመቅረጫው አዝኖ ነበር አይልም። ከምን እንደ ሸሸ የተጻፈ ነገር የለም፤ ማንን እንደ ተከተለ ግን ተጽፎአል። የተነሣው የሚጠራው ስለ መጣ ነው። ከተነሣም በኋላ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ምን እንደ ሆነ ሉቃስ ይነግረናል፤ በቤቱ ታላቅ ግብዣ አድርጎ የሥራ ባልንጀሮቹን፣ እነዚያን ቀራጮች፣ ከጌታ ጋር በአንድ ማዕድ አስቀመጣቸው (ሉቃ. 5፥29)። የተወውን ሥራ ተወ እንጂ የተዋቸውን ሰዎች አልናቀም። ሥራቸውን ለቀው የቀድሞ ባልደረቦቻቸውን እንደ ጠፉ ነፍሳት የሚያዩ ሰዎች ስናገኝ ይህ ግብዣ ትዝ ይለናል። ቀረጥ ይመዘግብ የነበረው እጅ ደግሞ ከዚያ በኋላ ወንጌል ጻፈ። ጌታ ሥራውን አስለወጠው፤ መጻፍ የለመደውን እጁን ግን ወደደለት።

ከጥንት መተርጕማን አንዳንዶቹ ጴጥሮስ ከትንሣኤ በኋላ ወደ ማጥመዱ ሲመለስ (ዮሐ. ምዕ. 21) ማቴዎስ ወደ መቅረጫው እንዳልተመለሰ አስተውለው፣ ሊመለሱበት የሚቻል ሥራና የማይቻል ሥራ እንዳለ አስተምረዋል። መልካም ማስተዋል ነው።

ከንስሐ ልጆቻችን አንዱ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ከ15 ዓመት በላይ ያገለገለ ሰው፣ ሥራውን ጥሎ ወደ ገዳም ለመግባት መወሰኑን ነገረን። (ይህን የምንጽፈው እርሱ ስለ ፈቀደ ነው፤ የንስሐ ምስጢር በመጽሔት አይወጣም።) ሚስትና 3 ልጆች አሉት። ሒሳብ ሰለቸኝ፣ ቍጥር ነፍሴን አደረቃት አለ። እኛም ከመቼ ጀምሮ ብለን ጠየቅነው። ሲያስብ ቈየና ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው አለ። ከዚያ በፊትስ ብንለው፣ ሒሳቡ ሲገጥምለት እንደ ሕፃን ይደሰት እንደ ነበረ፣ የጠፋች ሳንቲም ፈልጎ ሲያገኝ ማታ ለሚስቱ ሳይቀር ይነግራት እንደ ነበረ አጫወተን። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ምን ሆነ ስንለው ዝም አለ። በሌላ ቀን ተመልሶ መጣና አለቃው ያልተገዛውን ዕቃ እንደ ተገዛ በሚያደርግ ሰነድ ላይ እንደሚያስፈርመው ገለጠልን። ከገንዘቡ እርሱ የወሰደው የለም፤ ነገር ግን ፊርማው የእርሱ ነው።

እነሆ፣ የሰለቸው ሒሳቡ አልነበረም። ይህ ሰው በዚያን ጊዜ ገዳም ገብቶ ቢሆን ፊርማው አብሮት ይገባ ነበር፤ ሦስቱ ልጆቹም ያለ አባት ይቀሩ ነበር። እንዳይፈርም፣ የፈረመውንም ለሚቈጣጠረው ክፍል እንዲያስታውቅ መከርነው። እንዲህም አደረገ። ዋጋው ቀላል አልነበረም፤ ወደ መዝገብ ቤት አወረዱት፣ አበሉ ቀረ፣ ልጆቹን ከነበሩበት ትምህርት ቤት አስወጣ። ባለቤቱም ለብዙ ወራት ለእኛ ሰላምታ አልሰጠችንም፤ አንፈርድባትም። ዛሬ ደስ ይልሃልን ብለን ብንጠይቀው ስለ ደስታ የመለሰልን ነገር የለም፤ «እንቅልፍ ይወስደኛል» ነው ያለን።

ዘኬዎስም በኢያሪኮ የሆነው ይህን ይመስላል። በኦሪት ሕግ በደሉን ተናዝዞ የሰውን ገንዘብ የሚመልስ ሰው የሚጨምረው አምስተኛውን እጅ ብቻ ነው (ዘኍ. 5፥7)፤ አራት እጥፍ የሚከፈለው በግ ሰርቆ ላረደ ወይም ለሸጠ ሌባ ነው (ዘጸ. 22፥1)። ዘኬዎስ አምስተኛውን እጅ ብጨምር ይበቃኛል ሊል ይችል ነበር፤ የሚያስገድደው አልነበረም። እርሱ ግን በራሱ ላይ የሌባውን ፍርድ ፈረደ፤ ከዚያ አስቀድሞም የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች ሰጠ። የበደላቸውን ሰዎች በየገበያው እያገኘ፣ ፊታቸውን እያየ የሚመልስ ሰው ከተማ ለቆ ከሚሄድ ሰው ይልቅ ኑሮውን ለውጦአል። ኢያሪኮም ያችው ኢያሪኮ ናት፤ ዘኬዎስም ያው አጭር ሰው ነው።

ስለ መሸሽ ካነሣን የቅዱስ ያሬድን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ለካህናት አንባብያን ይህን መተረክ ለቀባሪ ማርዳት ነውና በአጭሩ እንናገራለን። ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ትል ግንዱን ሊወጣ ደጋግሞ ሲወድቅ በመጨረሻም ሲወጣ ተመለከተ። ይህን ታሪክ ዘወትር የምናስተምረው ስለ ትዕግሥት ነው፤ እውነትም ነው። እኛ ግን በዚህ ላይ የምናየው ሌላ ነገር አለ። ያሬድ ኑሮውን የለወጠው ከአክሱም በወጣ ጊዜ ሳይሆን ወደ አክሱም በተመለሰ ጊዜ ነው። የተመለሰው ወደዚያው መምህር፣ ወደዚያው መጽሐፍ ነው፤ አዲስ የሆነው ያሬድ ነው። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተገኙት፣ ድጓውም የተደረሰው ከዚያ መመለስ በኋላ ነው። እንዲሁም ያው ያሬድ ዘመኑ ሲገፋ ሁለተኛ ጊዜ ከአክሱም ወጥቶአል። በሁለተኛው ግን አልሸሸም። በዜማው ተመስጠው ሳሉ የንጉሡ የገብረ መስቀል በትር እግሩን በወጋው ጊዜ፣ ንጉሡ የምትፈልገውን ለምነኝ ቢለው፣ ወደ ገዳም ይሄድ ዘንድ እንዲያሰናብተው ጠየቀ። ዜማውን ሠርቶ፣ ደቀ መዛሙርት ተክቶ፣ ተሰናብቶ ወጣ። አንድ ሰው ከአንዲት ከተማ ሁለት ጊዜ ወጣ፤ የመጀመሪያው መውጣት ሽሽት ነበር፣ የኋለኛው ግን ስንብት ነው። ሊጠይቀን ለሚመጣው ሰው ብዙ ጊዜ የምናቀርብለት ጥያቄ ይህ ነው፤ የምትተወውን ሥራ ጨርሰኸዋልን? የምትሰናበተውስ ሰው አለን?

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሰውን በነበረበት ለማቆየት የሚያደላ መስሎ ይታይ ይሆናል። እንዲህ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ እያንዳንዱ በተጠራበት መጠራት እንዲኖር ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ በዚያው ምዕራፍ፣ እንደ አማርኛው ንባብ፣ አርነት ሊወጣ የሚችል ባሪያ አርነቱን እንዲቀበል ይመክራል (1ቆሮ. 7፥20-21)። በሥራቸው ጨርሰው፣ በእውነት ሊነሡ የሚገባቸው ሰዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱን እናውቃለን። የሸማኔ ልጅ ነው። አባቱ በመወርወሪያው ድካም ከፍ ካለ ትምህርት ቤት አድርሶት፣ ተመርቆ በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሮ ነበር። ወንበሩ መልካም ነበር፤ ሥራው ግን ከወረቀት ወደ ወረቀት መገልበጥ ነበረና በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ጠቅሜአለሁ ማለት እንዳልቻለ ነገረን። አባቱ ዓይኑ ሲደክም የአባቱን ጉድጓድ ሊወርስ ፈለገ። የተቃወመችው እናቱ ናት። ልጄ ከወንበር ወርዶ ጉድጓድ ገባ ሲባል ጎረቤት ምን ይለኛል ብላ አለቀሰች።

የእናቲቱ ዕንባ ከየት እንደ መጣ እኛ የአገሩ ልጆች እናውቃለን። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ፋቂውን ስንሰድብ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያስነግሩም፣ ስድቡ ከአፍ ቢወጣም ከልብ ፈጥኖ አልወጣም። በሸማኔው እጅ የተሠራውን ነጠላ ለብሰን እየቀደስን ሸማኔውን የናቅን ጊዜ አለ፤ ይህን መሸሸግ አይጠቅምም። ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ ተብሎ መጠራቱን (ማር. 6፥3)፣ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ሲሰፋ መኖሩን (ሐዋ. 18፥3) እያነበብን፣ ልጆቻችን እጃቸው ሥራ እንዳይነካ እንመኛለን። ብዙ ሰው ደስታ የሚያጣው ክፉ ሥራ ይዞ ሳይሆን ለክብር ሲል የሌላ ሰው ሥራ ይዞ ነው።

ለዚያ ወጣት ግን ወዲያው ልቀቅ አላልነውም። የዓመት ዕረፍቱን ወስዶ በአባቱ አጠገብ እንዲቀመጥ መከርነው። ይህን ምክር ከራሳችን አላመነጨነውም፤ የገዳማት ሥርዐት ነው። ወደ ገዳም የሚመጣ ሰው በመጣበት ቀን አይመነኵስም፤ በአመክሮ ሆኖ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ያበስላል፣ ከእርሱ በታች ካለው ጭምር ይታዘዛል። ብዙዎች በአመክሮ ሳሉ ተመልሰዋል፤ መመለሳቸውም ነውር አይደለም። ወጣቱም በመጀመሪያው ሳምንት ወገቡ ተቈረጠ፣ ድሩ ተበጠሰበት፣ አባቱም እንደ ልጅነቱ ተቈጣው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ክንድ የሚያህል ሸማ ከነጥበቡ ጨርሶ አሳየን። ፊቱን አይተን መልሱን አወቅን። ከዚያም በኋላ ቢሆን የእናቱን ልብ እስኪያለዝብ ሌላ አንድ ዓመት በወንበሩ ቈየ። ዛሬ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ ገቢው ከቀድሞው ይበልጣል ብለን አንዋሽም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሕሊናችን ይወቅሰናል። ስለ ሥራ ደስታ የሚጠይቁ ሰዎች ምርጫ ያላቸው ናቸው። ወደ ዓረብ አገር ሄዳ በሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ኑሮዋን የለወጠችው ደስታ ፍለጋ አይደለም፤ ለእናቷ ጣራ፣ ለወንድሟ ትምህርት ነው። ለእርስዋ ስለ መጠራትና ስለ መነሣት መስበክ አይገባንም፤ ከእርስዋ ልንማር ይገባናል እንጂ። እንዲሁም ደመወዙ ልጆቹን አላበላ ብሎት ከአጥቢያው ወጥቶ ሌላ ሥራ የያዘ ካህን አለ። ያን ጊዜ ቅዳሴ ተወ እያለ የሚያማው ምእመን፣ በፊት ስለ ካህኑ ጓዳ ጠይቆ ያውቅ እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር።

በመጨረሻ፣ ሁሉን ትተው ስለ ተነሡት ሰዎች ስንናገር የመነኮሳት አባት የታላቁን እንጦንስን ነገር ማንሣት ይገባል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በቤተ ክርስቲያን የወንጌሉን ቃል ሰምቶ ሀብቱን ሸጦ መመነኑን ነው። ሐዋርያዊው አትናቴዎስ የጻፈውን ገድል በቀስታ ለሚያነብ ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ እርምጃ የተፈጸመ አይደለም። ወላጆቹ ሲሞቱ 18 ወይም 20 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር፤ አንዲት ታናሽ እህትም በእጁ ቀረች። አሩራ በተባለው በግብጽ የመሬት መለኪያ 300 የሚሆን ለም መሬት ነበራቸው። መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፣ የቀረውን ዕቃ ሸጦ ለድኾች ሲያከፋፍል ለእህቱ ጥቂት አስቀረ። ሁለተኛ ጊዜ ወንጌሉን ሰምቶ ያንንም ሲሰጥ፣ እህቱን ለታመኑ ደናግል አደራ ሰጥቶ ነው። እርሱም ወዲያው ወደ ሩቅ በረሃ አልሮጠም፤ በመንደሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ በእጁ እየሠራ፣ አንድ ሽማግሌ ባሕታዊ እያየ ተማረ።

በበረሃም ከገባ በኋላ መሰልቸት አልተወውም። በአንድ ወቅት ልቡ ታውኮ ሳለ እርሱን የሚመስል ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ እንደ ገና ተቀምጦ ሲታታ እንዳየ አበው ጽፈዋል። በሌላ ጊዜም በከተማ መካከል የሚኖር፣ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድኾች የሚሰጥ፣ በየቀኑም ከመላእክት ጋር የሚያመሰግን አንድ ሐኪም ከእርሱ ጋር እኩል እንደ ሆነ ተገለጠለት። ይህ የተነገረው ለእንጦንስ ነው፤ ለሌዊ ስለ ዘኬዎስ እንደ መንገር ያለ ነው። ሐኪሙ ሕክምናውን ትቶ ወደ በረሃ እንዲመጣ፣ እንጦንስም በረሃውን ትቶ ወደ ከተማ እንዲገባ የታዘዘ ነገር የለም።

እንጦንስ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ356 ዓ.ም. በ105 ዓመቱ ዐረፈ። ስለ ወንድሟ መነሣት የማትጠየቀው ያች ታናሽ እህትስ ምን ሆነች የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አትናቴዎስ እርስዋንም አልረሳም። ከብዙ ዘመን በኋላ እንጦንስ ከተራራው ወርዶ በመጣ ጊዜ እህቱን በድንግልና አርጅታ፣ ለሌሎች ደናግል አለቃ ሆና አገኛትና ደስ አለው።